መጤው ማን ነው?

የባሕር ዳር ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ይጨምራል።

በቀደም ለአንድ ሱዳናዊ ቤተሰብ ቤት ፍለጋ ከደላላ ጋር ሽምብጥ ሄድኩ። አንዲት ክፍል ከነኩሽናዋ አየን፣ ዋጋዋም ተነገረን። ደላላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለሱዳኖቹ ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሄዶ ለአከራይዋ አንሾካሾከላቸው። ኪራዩ እዚያው እጥፍ ሆነ። እኔም ዝም ብዬ ወጣሁ።

ነውር ነው። የእኔም ዝምታ ነውር ነው።

ለመሆኑ መጤ የምንለው ማንን ነው? ሐይቁ ዳር ደንገል እያጨዱ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ቀድሞ መገኘት የሚያስከብር ቢሆን ኖሮ ክብሩ የእነሱ ነበር። እኛ ግን ጉማሬ በሉ ብለን ስንት ዘመን ማዕድ ከለከልናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1541 ወደ 400 የሚሆኑ ፖርቱጋሎች በምጽዋ በኩል ገቡ። ከሞት የተረፉት በ1543 ወይና ደጋ በተባለ ቦታ ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን ሆነው ግራኝ አሕመድን ተዋጉ። ከእነሱም ብዙዎቹ አገራቸው አልተመለሱም። እዚሁ አግብተው ወልደው ቀሩ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ እነማን ናቸው? ማን ያውቃል፣ ያ ደላላም ሊሆን ይችላል።

ኢየሱሳውያን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የነበረው ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ወደ እኛ ሲመጣ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት በምርኮ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1603 ደረሰ። ጎርጎራ ላይ ለአፄ ሱስንዮስ ግንብ አቆመ፤ በ1622 እዚያው ጎርጎራ ሞተ። የመጣ ሁሉ በረከት ነበር አልልም። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ሲቀበሉ አገር በደም ታጠበ፤ ልጃቸው አፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን አስወጡ። ሃይማኖት ሊያስለውጥ የመጣና ነፍሱን ሊያተርፍ የመጣ ግን አንድ አይደሉም።

ከተማችንስ? ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. የተሠራው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ነው። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች እርዳታ ተከፈተ። ሥራና ትምህርት ፍለጋ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ነው ባሕር ዳርን ከተማ ያደረጋት። እስቲ የአያታችሁ መቃብር የት ነው? የእኔ እዚህ የለም።

የሱዳን ድንበር ደግሞ ሰው በሁለቱም በኩል ተመላልሶበታል። በቀይ ሽብር ጊዜ የእኛ ልጆች በሌሊት ወደ ሱዳን ተሻገሩ። በ1977ቱ ረሃብ፣ በ2013ቱ ጦርነትም ሕዝባችን ወደ ገዳሪፍ ተሰደደ። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ እነሱ በተራቸው ወደ እኛ መጡ። ጂዳ ላይ ሐበሻ ተዋረደ ሲባል ፌስቡክ ላይ ስናለቅስ እናድራለን። ሲነጋ ተነስተን የሱዳኑን ኪራይ እጥፍ እናደርጋለን!

«ኑሮ ተወዷል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ተወዷል። ግን የክፍሏን ዋጋ እጥፍ ያደረገው ማን ነው? ሱዳናዊው ዋጋ አልጠራም። የጠራነው እኛ ነን።

ድሮ በመሸ ጊዜ በር አንኳኩቶ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ላለ ሰው «ቤት ለእንግዳ» ይባል ነበር። ዘሩን የሚጠይቅ አልነበረም፤ እግሩ ይታጠብ ነበር እንጂ። እናንተን እግር እጠቡ አልልም። ለአበሻው የነገራችሁትን ዋጋ ለሱዳኑም ንገሩት። አለቀ።

ደላላው ትናንት ደወለልኝ። ክፍሏ እስካሁን ሰው አልገባባትም።