እርማት፦ ማኅበራዊ ማዘዣ መድኃኒት አይነፍግም

ማኅበራዊ ማዘዣ ማለት ሐኪም ታካሚውን በአካባቢው ወዳሉ ማኅበራዊ ድጋፎችና ቡድኖች የሚመራበት አሠራር ነው። ስለዚህ አሠራር አንድ ጸሐፊ «በእንግሊዝ ሐኪሞች ወጪ ለመቆጠብ መድኃኒት ከልክለው ታካሚውን ወደ አትክልት ቦታ ይሰዳሉ» ብለው ጽፈዋል። ይህ ግን ስሕተት ነው። ማኅበራዊ ማዘዣ ከሕክምናው ጎን ለጎን የሚሰጥ እንጂ ሕክምናውን የሚተካ አይደለም። የስኳር ሕመምተኛው ኢንሱሊኑን ይቀጥላል። ብቸኝነት፣ ዕዳ ወይም እርጥበት የበዛበት ቤት ሕመሙን ሲያባብስበት ግን ሐኪሙ ወደ አገናኝ ሠራተኛ ይመራዋል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የረጅም ጊዜ ዕቅድ ከ1,000 በላይ እንዲህ ያሉ ሠራተኞችን ለማሰማራት ወስኗል። ሠራተኛዋ ጊዜ ወስዳ ለታካሚው ትልቁ ጉዳይ ምን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ከዚያም ከዕዳ አማካሪ፣ ከእግር ጉዞ ቡድን ወይም ከመዘምራን ታገናኘዋለች። አልፈልግም ያለ አይገደድም። ጸሐፊው ስለ ማኅበራዊ ማዘዣ ውጤታማነት ያለው የጥናት ማስረጃ ገና አልጠነከረም ብለው ቢተቹ ኖሮ እስማማ ነበር።