ድሬዳዋ ላይ በስልክ የሚዘርፉን

ከመጋላ እስከ ሳቢያን በጉሊት ንግድ የሚተዳደሩ የድሬዳዋ እናቶች ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀሙት ገንዘብ በአንድ የስልክ ጥሪ ሲወሰድ ማየት እጅግ ያንገበግበኛል። ደዋዩ የባንክ ሠራተኛ መስሎ፣ በትሕትና «እናቴ» እያለ፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ በአጭር መልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ ይላል፤ እውነተኛ ሠራተኛ ግን የምስጢር ቁጥርንም ሆነ ይህን የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ አይጠይቅም። «በስህተት ገንዘብ ልኬልዎታለሁና ይመልሱልኝ» የሚለውም ቢሆን ገንዘብ ገብቷል የሚለውን የባንክ መልእክት ራሱ አስመስሎ ስለሚጽፈው፣ ቀሪ ሒሳብን ሳያዩ አንድም ብር መላክ አይገባም። ከሁሉ የከፋው ሥራ ያጡ ወጣቶቻችንን በቴሌግራም የሚያጠምደው ነው፦ ቪዲዮ በማየት ብቻ ገቢ ይገኛል ብሎ መጀመሪያ ጥቂት ብር በእርግጥ ይከፍላል፣ እምነት ካገኘ በኋላ ከፍ ያለ ገንዘብ እንዲያስገቡ ያደርጋቸዋል፣ ገንዘባችንን መልስ ሲሉትም «አስቀድማችሁ ግብር ክፈሉ» ብሎ ዳግመኛ ይዘርፋቸዋል። በዚህ ሁሉ ላይ የተዘረፈውን ሰው «ሞኝ» እያለ የሚስቅበት ጎረቤት መብዛቱ ያሳዝነኛል፤ ተበዳዩ በኀፍረት ዝም ሲል፣ ለባንኩ ደውሎ ሒሳቡን ለማሳገድ፣ ለፖሊስም ለማመልከት የነበረው ጥቂት ጊዜ ያልፍበታል፣ ያው ሌባም በማግስቱ ገንደ ቆሬ ወዳለች ሌላ እናት ይደውላል።