ድብ ገዳይ

ሰሞኑን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከጌዘርስበርግ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ አንዲት ኮሮላ ታየች። ጣሪያዋ ላይ ባለ ሮዝ ሪቫን ሰማያዊ የአሻንጉሊት ድብ በልብስ መስጫ ገመድ የፊጥኝ ታስሮ ተጋድሟል። ፎቶዋ በየቴሌግራሙ ሲዞር ሳታዩት አልቀራችሁም። አይታችሁ «ምን ነካው ይሄ ሰውዬ?» ያላችሁ ሁሉ ቶሎ ንስሐ ግቡ። ሰውየው ከግዳይ እየተመለሰ ነበር።

አባቶቻችን አንበሳ የጣለን ሰው የሚቀበሉት በሆታ ነበር። አገራችን ድብ የለም፤ ስለዚህ ድብ ገዳይነት ለስደተኛው ትውልድ የተጠበቀ ማዕረግ ነው። ጫካው ደግሞ ካውንቲ ፌር ይባላል፤ በየአውራጃው በዓመት አንዴ የሚዘጋጅ የእርሻ ትርኢትና የጨዋታ ባዛር ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲው ጌዘርስበርግ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ፣ የሎስ አንጀለሱ ፖሞና ላይ ከ1922 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። የተጀመሩት ገበሬ ያመረተውንና ያረባውን አምጥቶ እንዲያሳይ ነው የሚሉ አሉ። አሉባልታ ነው። የእኛ ሰው እንደሚያውቀው የተጀመሩት ለድብ ነው።

ከፌር ወደ ፌር የሚዞሩት፣ ያሸነፈውን ድብ የሚሸልሙት የጨዋታ ድንኳኖች በር ላይ ቆመን አገዳደሉን እንይ።

መጀመሪያ ቅርጫት ኳስ። የመደበኛው ሜዳ ቀለበት ስፋቱ 45 ሴንቲሜትር፣ ከመሬት ያለው ከፍታ 3 ሜትር ከ5 ሴንቲሜትር ነው። የድንኳኑ ቀለበት ግን ብዙ ጊዜ ጠበብም ከፍም ይላል። አንዳንዱ ከፊት ሲያዩት ድፍን ክብ ይመስላል፤ ከላይ ቢያዩት እንደ እንቁላል ተጨፍልቋል። ኳሷም ከልክ በላይ ስለተነፋች ብረቱን ስትነካ እንደ ፌንጣ ትዘላለች። ጀግናችን ግን አይፈራም፤ በወጣትነቱ ጃንሜዳ ላይ ኳስ ይጫወት ነበር። እግር ኳስ መሆኑ ቅንጣት አያሳስበውም።

ጠርሙሶቹ ይቀጥላሉ። ሁለት ከታች፣ አንድ ከላይ። ከታቾቹ አንዱ ውስጡ በእርሳስ ከብዷል፤ የሚወረወረው ኳስ ደግሞ ቡሽ የተጠቀጠቀበት ቀላል ነገር ነው። ደርዳሪው ቀላሉን ጠርሙስ አንዲት ጣት ያህል ወደፊት ካወጣው ኳሱ እሱን መትቶ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ከባዱ እንደ ዘበኛ ቆሞ ያየዋል። ፊኛዎቹም ጎደል ተደርገው ነው የሚነፉ፤ በደንብ ያልተወጠረ ፊኛ በዶለዶመ ዳርት ሲወጋ ይጎደጉዳል እንጂ አይፈነዳም። የገመድ መሰላሉ ላይና ታቹ በየአንድ ነጥብ ብቻ ስለተሰቀለ መሃሉን የረገጠውን ሰው ሁሉ ይገለብጣል። አጫዋቹ ልጅ ሮጦ የሚወጣው ዳርና ዳሩን ገመድ ይዞ፣ ቀኝ እጁንና ግራ እግሩን በአንድ ጊዜ እያነሳ ነው። ሲወጣ በግልጽ ይታያል፤ የደበቀው ነገር የለም። ጀግናችን ግን እንደ ኮንዶሚኒየም ደረጃ መሃል ለመሃል ይወጣል፤ ይገለበጣል፤ ተነስቶ ሱሪውን ያራግፍና ሌላ 10 ዶላር ይመዛል።

ሒሳቡ ደግሞ እንዲህ ነው። 10 ዶላር ሦስት ውርወራ። ያሸነፈ የቁልፍ መያዣ የምታክል ድብ ይወስዳል። ሦስት ትንንሽ ድብ በአንድ መካከለኛ ይለወጣል፤ ሦስት መካከለኛ ደግሞ በአንድ ትልቅ። አንድም ዙር ያልሳተ ሰው 9 ዙር ተጫውቶ፣ 90 ዶላር ከፍሎ ትልቁን ያነሳል። የሳተውን እናንተው ደምሩት። ይህ ሰው፣ ልብ አድርጉ፣ አንድ ፓኬት እንጀራ ላይ 50 ሳንቲም ተጨመረ ብሎ ሱቅ የቀየረ ሰው ነው። ግን ለግዳይ ማን ሒሳብ ይሠራል! ዘራፍ! የጠርሙስ ጠላት፣ የፊኛ መዓት፣ ዘጠና ዶላር ከስክሶ ድብ የጣለ ለት!

የመሽከርከሪያዎቹን ቲኬት ነገር በአጭሩ እንለፈው። አንዱ 4 ይጠይቃል፣ ሌላው 5፤ ኪስ ውስጥ ምን ጊዜም 2 ይተርፋል፤ ለሁለቱ ሲባል 10 ተጨማሪ ይገዛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ሳይታወቅ ለዚህ ነበር።

ግዳይ ያደክማልና ይበላል። የነሐሴው ፌር ከፍልሰታ ጋር ይጋጠማል፤ እዚህ ላይ የጿሚዎቻችንን ብልሃት ሳያደንቁ ማለፍ ግፍ ነው። ፈንል ኬክ «ዱቄት ብቻ ነው» ተብሎ ይበላል። ሊጡ በወተትና በእንቁላል መቦካቱን ማን አየ? በማንቆርቆሪያ የጋለ ዘይት ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተጠማዞ፣ የስኳር ዱቄት ተነስንሶበት ነው የሚመጣው፤ ምስክሩ ሁሉ ተቀብሯል። ድንች ጥብሱማ ጾም ነው ይባላል፤ ከእሱ በፊት ዘይቱ ውስጥ የዋኘው ኮርን ዶግ፣ ሊጥ የለበሰው ቋሊማ፣ ግን ስሙ አይነሳም። የተረፈው የበቆሎ እሸት ነው። ሻጩ ልባሱን ጨብጦ ቅቤው ባልዲ ውስጥ ሳይነክረው በፊት «ቅቤ ይቅር» ለማለት ሁለት ሰከንድ አለ። የእኛ ሰው የሚያስታውሰው በሦስተኛው ነው። ከዚያማ ከሰው እጅ የተቀበሉትን መመለስ ነውር ስለሆነ፣ ለነውሩ ሲባል ይበላል።

እስካሁን አሽሟጠናል፤ የሚከተለው ግን ሽሙጥ አይችለውም። ከድንኳኖቹ ጥቂት መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ የከብቶቹ በረት አለ። ፎር-ኤች በሚባለው የወጣቶች ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ልጆች ያሳደጉትን እንስሳ ይዘው የሚቀርቡበት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ፍየሏ አጠገብ ጭድ ላይ ጋደም ብላ ታገኟታላችሁ። ከጎኗ ያለው ልጅ 600 ኪሎ የሚጠጋ ሰንጋ በአንድ ገመድ እየመራ ዳኛ ፊት ያቀርባል። ከጥጃነቱ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ያበላው፣ ያጠጣው፣ ያጠበው እሱ ነው፤ የመኖውን ወጪ በመዝገብ ጽፏል። ዳኛው ማይክ ይዞ አንደኛው ለምን አንደኛ እንደሆነ ጀርባውንና ዳሌውን እያሳየ ያስረዳል። በመጨረሻ ሰንጋው በጨረታ ለሥጋ ይሸጣል፤ ልጁ አንገቱን አቅፎ ያለቅሳል፤ በዓመቱም ሌላ ጥጃ ይገዛል።

የእኛ ሰው ይህን በረት እንዴት ያልፈዋል? አፍንጫውን ይዞ! «ኧረ ይሸታል! ኑ በዚህ በኩል!» እናቱ እበት ጠፍጥፋ ያሳደገችው ሰው! በኩበት ጭስ ዓይኑን እያሸ ፊደል የቆጠረ ሰው! ሴት ልጁ በጉን ልትዳስስ እጇን ስትዘረጋ መትቶ ይመልሳታል። ዳስሳ በሳሙና ብትታጠብ አለቀ፤ ውኃና ሳሙናው በሩ ላይ ተቀምጧል። ምኑ ነው ያሳፈረን? አያቶቿ ዕድሜያቸውን የገፉበትን ሥራ በዓይኗ የምታይበት ቀን በዓመት አንድ ነው፤ ያንንም ነጥቀን በዶለዶመ ዳርት ቀየርንላት።

ይቅርታ። ወደ ድቡ እንመለስ።

ድቡ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ኮሮላ አምስት ሰው ትይዛለች፤ ቤተሰቡም አምስት ነው። ትራንኩ ውስጥ የሕፃን ጋሪና የበረዶ ሳጥን ስላለ ድቡ ወገቡ ድረስ ብቻ ገብቶ እግሩን ይሰቅላል። ቀጥሎ ባለቤትየዋ ወደ ኋላ ተሰድዳ ድቡ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ቀበቶም ይታሰርለታል። ማግስቱ የሥራ ቀን ከሆነ፣ በአንዳንድ አውራ ጎዳና ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ለጫነ መኪና የተለየውን መስመር ነገ ብቻዬን ስሄድ በድቡ እጠቀምበታለሁ የሚል ሐሳብ ሽው ይላል። ድብ እንደ ሰው አይቆጠርም፤ ሞክራችሁ ቅጣቱን እንዳትከፍሉ። ኋላ ያሉት አራቱ ተፋፍገው ሲንጫጩ ድቡ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ቀላልና ሰፊ ነገር ነፋስ ይወዳል፤ ወገቡን ብቻ ያሰሩት እንደሆነ በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደ ሽክርክሪት ይዞራል። ከደረቱና ከጉልበቱ፣ ሁለት ቦታ መታሰር አለበት። ጀግናችን ወገቡን ነው ያሰረው።

ቤት ሲደርስ ሕፃኑ የመጀመሪያውን ሌሊት በፍርሃት ሲያለቅስ ያድራል፤ በሦስተኛው ሳምንት ዞር ብሎም አያየው። ከዚያ ከብብቱ ስፌት ስር የስፖንጅ ፍርፋሪ መፍሰስ ይጀምራል። ይጣል እንዳይባል ግዳይ ነው፤ እንዳይቀመጥ የምግብ ጠረጴዛውን ቦታ ይዟል። ስለዚህ አዲስ አበባ ይላካል።

የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ድቡ አራት ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ግን አንዱን ሻንጣ ለብቻው ይጠይቃል። ብልሃት አለ፤ አየር የሚመጠጥበት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ተከቶ በቫኩም ሲሳብ እንደ ቋንጣ ይደርቃል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ዓይኖቹ አንድ ላይ ይገጥማሉ። ለእሱ ቦታ ሲባል የአክስት የስኳር መለኪያ፣ የወንድም ጫማ፣ የጎረቤት ቫይታሚን «በሚቀጥለው» ተብሎ ይወጣል።

አዲስ አበባ ሲከፈት አየሩ ይገባል፤ ቅርጹ ግን እንደቀድሞው አይመለስም። አንድ ጆሮው ቆሞ፣ አንዱ ወድቆ፣ አፉ ወደ ጎን ዞሮ የሳሎኑ ባለ ሦስት ሶፋ ላይ ይሰየማል፤ አቧራ እንዳይነካው ፕላስቲኩ ይለብስለታል፤ እንግዳ ዱካ ላይ ይቀመጣል። እማማ ለሊት ለጸሎት ሲነሱ ደንግጠው ሁለት ጊዜ ካማተቡ ወዲህ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሯል።

«ለመሆኑ ይሄ ምን የሚሉት አውሬ ነው?»

«ድብ ነው እማማ። አሜሪካ አሸንፎት ነው ያመጣው።»

«ምን አድርጎት?»