ሰባት ቤት እና አንድ አባት

አብሮኝ የሚሰራ ኮሄን የሚባል ልጅ አለ (ኮሄን ማለት ከሙሴ ወንድም ከአሮን እንወለዳለን የሚሉ የአይሁድ ካህናት ዘር ነው)፣ አባቱ ከሞሮኮ የመጣ፣ ባለፈው አሜሪካ እህቱ ጋ ሄዶ ምራቁን አስመርምሮ መጣና በቡና ሰዓት ስልኩን እያሳየኝ "ጄ1 ወጣልኝ፣ የአሮን ዘር ነኝ ነግሬህ የለ" ይለኛል። (እዚህ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የጄኔቲክ መረጃ ሕግ ስላለ የመመርመሪያው ኪት እንደ አሜሪካ እንደ ልብ አይሸጥም፣ ሰው ውጭ ሲወጣ ነው የሚያስመረምረው።) ጄ1 በአባት የሚወርድ የአንድ ዘር መስመር ስም ነው። ደስታውን ላበላሽበት አልፈለኩም፣ ጄ1 አረቡም ጋ ሞልቷል አላልኩትም።

እኛ ጎንደር እያለን ዘር ቆጣሪዋ አያቴ ነበረች። ልጅ ሊዳር ሲል ቁጭ ብላ በአባትም በእናትም ሰባት ቤት ትቆጥራለች፣ አንድ ስም ከተገናኘ በቃ ጋብቻው ቀረ፣ ድግስ ተጠንስሶም ቢሆን ይቀራል። ለመኩራት አልነበረም እኮ፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው።

እዚህ ያለው ቆጠራ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ነው የሚያልፈው፣ ኮሄንነትም እንደዛው ከአባት ወደ ልጅ ስለሆነ ካርል ስኮሬኪ የሚባል የኩላሊት ሐኪም ምኩራብ ውስጥ ከሰሜን አፍሪካ የመጣ ኮሄን ለቶራ ሲጠራ አይቶ፣ እሱም ራሱ የአውሮፓ ኮሄን ነውና፣ እኔና ይሄ ሰውዬ ከአንድ አባት ከሆንን ክሮሞዞማችን መመሳሰል አለበት ብሎ አሰበ። በ1997 ጥናቱ ወጣ፣ እውነትም ብዙ ኮሄኖች ተመሳሰሉ። በ2009 በሰፊው ሲታይ ግን ያ ዋናው የጄ1 ቅርንጫፍ የተገኘው 46 በመቶ ገደማው ላይ ነው፣ ሌሎቹ ሌላ ሌላ መስመር ናቸው። ደግሞ አስር ትውልድ ወደ ኋላ ብትቆጥር 1024 የአያት ቦታ አለህ፣ ዋይ ስለ አንዱ ብቻ ነው የሚያወራው። አይሁድነት ራሱ በሃይማኖቱ ሕግ በእናት ነው የሚተላለፈው፣ እናትን ደግሞ ዋይ አያውቃትም!

የሚገርመኝ የሌምባዎቹ ነገር ነው። ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ያሉ፣ አባቶቻችን ከሰሜን፣ ባህር ተሻግረው መጡ የሚሉ ሰዎች ናቸው፣ በ2000 ቡባ የሚባለው ጎሳቸው ሲመረመር ከግማሽ በላይ ያ ብዙ ኮሄኖች የሚጋሩት የዋይ ምልክት ተገኘባቸው። እና ምን አገኙ? እንደ ማህበረሰብ የመመለስ ሕጉ፣ አይሁድን ወደ እስራኤል የሚያስገባው ማለት ነው፣ አልተቀበላቸውም። የእኛ የቤተ እስራኤል ወንዶች ደግሞ ሲመረመሩ በአብዛኛው ኤ እና ኢ የሚባሉት መስመሮች ናቸው የወጡት፣ የጎረቤቶቻችን የሌላው ኢትዮጵያዊ ማለት ነው፣ እሱን ይዞ ፌስቡክ ላይ የሚሳደብ አይጠፋም። እኛ ግን የገባነው ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 የዳን ነገድ ናቸው ብለው ስለፈረዱ ነው፣ የደም ጠብታ ማንም አላየም። ከዛም በኋላ ቢሆን አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል፣ እንደ አዲስ ገቢ በሥርዓት ውሃ ውስጥ ግቡ ተብለን በ1985 ወላጆቻችን ኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጥተው ነው የተከራከሩት። በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ወረቀት ነው እንግዲህ።

ልጁ "አንተም ተመርመር እንጂ" ሲለኝ እኔ በጣቴ የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን እያልኩ ሰባቱን ስም ጠራሁለት፣ በል አንተም አልኩት። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ቆመ። "ከዛ በኋላስ?" ስለው ትንሽ አሰበና "ከዛ በኋላ አሮን ነው" አለኝ።