ቅይጥ ሰዓት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ዝምታው ነው

«ኦርጅናል ነው?»

አዳማ ውስጥ በእጄ ላይ ያለውን ሰዓት ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚጠይቀኝ የለም፤ ለእርሱማ ሁሉም በኪሱ ስልክ ይዟል። ባለፈው ሳምንት ቡና እየጠጣን አንድ ወዳጄ እጄን ያዘና ገልበጥ አድርጎ እያየ ጠየቀኝ። እኔም ዘረዘርኩለት። ቀፎው ከሞተ ሲኮ ፋይቭ የተወሰደ ነው፤ ማሽኑ አዲስ ነው፤ ፊቱ ስም የለሽ ነው፤ ቆጣሪዎቹ ከሌላ ሰዓት የመጡ ናቸው፤ ማሰሪያውን የሠራልኝ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ቆዳ ሰፊ ነው። ወዳጄ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «በአጭሩ ፌክ ነው በለኛ!» አለኝ። ቡናው እየቀዘቀዘ ስለነበር ያን ዕለት በቅጡ አልመለስኩለትም። መልሴ ይኸውና።

ፌክ ማለት ያልሆነውን ነኝ የሚል ዕቃ ነው። የእኔ ሰዓት ምንም ነኝ አላለም፤ ፊቱ ላይ አንዲት ፊደል እንኳን የለችም። ከየትኛው ሰዓት ምን እንደወሰድኩ ደግሞ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ አንዳንዴም ላልጠየቀኝ፣ እናገራለሁ። ባለቤቴ ይህን ጉዳይ በሚገባ ትመሰክራለች።

ከተለያዩ ሰዓቶች ዕቃ እያወጡ አንድ ሰዓት መገጣጠም በዓለም ዙሪያ ብዙ አፍቃሪ ያለው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። የአብዛኛው ሰው መነሻ የጃፓኑ ሲኮ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኩባንያው ኤን ኤች 35 የሚባለውን ማሽን ለሌሎች ሰዓት አምራቾችም ስለሚሸጥ በልኩ የሚሠራ ፊት፣ ቆጣሪና ቀፎ እንደልብ ይገኛል። ማሽኑ 24 የሩቢ ድንጋዮች አሉት፤ በሰዓት 21,600 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 6 ጊዜ ይመታል፤ ሞልቶ ከተቀመጠ 41 ሰዓት ገደማ ይሄዳል። የሰዓት ቆጣሪው ቀዳዳ 1.50 ሚሊ ሜትር፣ የደቂቃው 0.90፣ የሰከንዱ 0.20 ነው። እነዚህን ቁጥሮች እንደ ዳዊት በቃሌ የያዝኳቸው ወድጄ አይደለም። ኢታ 2824 ከሚባለው የስዊስ ማሽን የወጣ የሰከንድ ቆጣሪ ቀዳዳው 0.25 ነው፤ ሲኮው ላይ ስትሰካው የገባ ይመስላል፣ እጅህን ስታወዛውዝ ግን ከመስታወቱ ሥር እንደ ፌንጣ ይዘላል። አምስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ናት ይህን ሁሉ የምታደርገው።

ይህን ያህል ለፍተን የምናገኘው ሰዓት ትክክለኛ እንኳን አይደለም። አምራቹ ራሱ ለኤን ኤች 35 የሚሰጠው ዋስትና በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መቅደም ነው። ርካሹ የባትሪ ሰዓት ግን ያንን ያህል የሚሳሳተው በወር ነው። ሲኮ ራሱ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያ ባለ ኳርትዝ፣ ማለትም በባትሪ የሚሄድ የእጅ ሰዓት ለገበያ ሲያወጣ፣ በሞላና በጥርስ የሚሄደው ሰዓት በትክክለኛነት መሸነፉ ተረጋገጠ። ዛሬ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ አንዲት የኳርትዝ ስባሪ ድንጋይ የመቶ ጥርስን ሥራ ትሠራለች። ስለዚህ ሰዓቱን ለማወቅ ብቻ የሚፈልግ ሰው የእኛን መንገድ አይከተል። በአበሻ ቀጠሮ ግን 40 ሰከንድ ቀድሞ መድረስ ማንን ይጎዳል?

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ውጭ ያለው ወጣት ፊቱን ከአንዱ፣ ቀፎውን ከሌላው አዝዞ በሳምንት ውስጥ ሁሉም ቤቱ ይደርስለታል። እኛ ግን ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ እንጠብቃለን፤ ዘመዱም ሻንጣው ሞልቷል ይለናል። ስለዚህ የአዳማ ቀያጭ ዋና ምንጩ የሞቱ ሰዓቶች ናቸው። የእኔ ምንጭ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ስማቸውን እዚህ እንዳነሣ ስላልፈቀዱልኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ከጠረጴዛቸው ሥር ያለው መሳቢያ ሙሉ በሙሉ የሰዓት መቃብር ነው። ሲኮ፣ ኦሪየንት፣ ሲትዝን፣ ስማቸው ተፍቆ የጠፋ የስዊስ ሰዓቶች ሁሉ እዚያ ተኝተዋል። አንድ ቀን «ይህን ሁሉ ለምን ያስቀምጣሉ?» ብላቸው «እኔ ስሞት ልጆቼ ለቆራሌው እንዲሸጡት» አሉኝ። ይህን ብለው ሲያበቁ ከዚያው መሳቢያ አንዲት ጥርስ በወረንጦ አንሥተው ለአንዲት ሴት ሰዓት ገጠሙ። ሴትዮዋ ሰዓታቸው ስለተነሣላቸው መርቀው ሄዱ። ያ ሰዓት ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቅይጥ ነው፤ ፌክ ነው የሚለው ግን አንድም ሰው የለም።

አባቴ የተወልኝን ሲኮ ፋይቭ ክዳኑን የከፈትኩት እርሱ ካረፈ በኋላ ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ «ከገዛሁት ጀምሮ ሰው እጅ አልገባም» ይል ነበር። ክዳኑ ውስጥ ግን በመርፌ የተጫሩ ሁለት ጽሑፎች አገኘሁ። አንዱ «79» ይላል፤ ሌላው «ሞላ 84»። ለጋሼ ሳሳያቸው በማጉያ መነጽራቸው አይተው ሣቁ። የድሮ ሰዓት ሠሪ የነካውን ሰዓት ክዳን ውስጥ ዓመቱን፣ አንዳንዴም የለወጠውን ዕቃ ይጭር ነበር አሉኝ፤ ከዓመታት በኋላ ያው ሰዓት ተመልሶ ሲመጣ ታሪኩን ለማወቅ ነው። በ84 ሞላው ተለውጧል ማለት ነው። የሰከንድ ቆጣሪውም ከሌላ ሰዓት የመጣ መሆኑን በቀለሙ አሳዩኝ። እንግዲህ አባቴ ፌክ ሰዓት አስሮ ኖረ ልበል?

እዚህ ላይ ስለ አዳማ ነፋስ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ከከተማችን ዳር ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች በሁለቱ ምዕራፎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ነው የተተከሉት፤ አገር በዚህ ነፋስ ሲኮራ እኔ በሩን እዘጋለሁ። ሰዓት ሲከፈት ዋናው ጠላት አቧራ ነው። አንዲት ብናኝ ፊቱ ላይ አርፋ መስታወቱ ከተገጠመ በኋላ እንደ ጉብታ ትታያለች፤ እንደገና መፍታት ነው። ስለዚህ የምሠራው ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ነው። ወለሉን ውኃ እረጫለሁ፣ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ የተፈታውን ዕቃ ሁሉ በተገለበጠ ብርጭቆ እከድናለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካቻቢቴው ሲያዳልጠኝና ብሎኗ ስትፈናጠር አልጋው ሥር በእጅ ባትሪ እየፈለግሁ እንበረከካለሁ።

አሁን ወደ ኀፍረቴ። ቀፎውን ካገኘሁ በኋላ አንድ ሐሳብ መጣልኝና ራሴን እንደ ፈልሳፊ ቆጠርኩ። ሰዓታችን ከዓለሙ በ6 ሰዓት ይለያል፤ ቆጣሪው 7 ላይ ሲሆን እኛ «1 ሰዓት» እንላለን። ታዲያ ፊቱን ግማሽ ዙር ብገለብጠው 1 ቁጥር 7 በነበረበት ቦታ ይመጣል፤ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር እየሄደ በእኛ ይነበባል! ፊቱን ከማሽኑ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ቀጫጭን እግሮች ቆረጥኩ፤ በማጣበቂያ ገልብጬ ለጠፍኩት። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ፈጀብኝ። የሰዓት ቆጣሪው እንዳሰብኩት ሆነ። የደቂቃውን ግን ረስቼዋለሁ። ልክ ሰዓት ሲሞላ 6 ቁጥር ላይ ይቆማል፤ ግማሽ ሲሆን 12 ላይ። እናቴ አንድ ጠዋት አይታው ለቅዳሴ ግማሽ ሰዓት አረፈድኩ ብላ ነጠላዋን ይዛ ወጣች።

ለጋሼ ወስጄ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት፤ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ መሙያውን ስበህ 6 ሰዓት ብታዞረው አይሻልም ነበር?» አሉኝ።

ይሻል ነበር። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ያንን ነው። የአባቴን ሲኮ በዚያው ዕለት በእኛ አቆጣጠር ሲሞሉልኝ ደግሞ አንድ ነገር አስተማሩኝ። የሰዓቱ ቀን የሚለወጠው ቆጣሪዎቹ 12ን ሲያልፉ ነው፤ በፈረንጅ ከተሞላ እኩለ ሌሊት ላይ፣ በእኛ ከተሞላ ግን ጠዋት ወይም ማታ 12 ሰዓት ላይ። የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው በአሞላሉ ነው። «ጠዋት ይሁንልህ ወይስ ማታ?» አሉኝ። ጠዋት መረጥኩ። ዕለቱን ከዋዜማው ለሚቆጥር የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ ለሚገባለት ሙስሊም ጎረቤቴም፣ ማታው ሳይሻል አይቀርም። የቀኑ ሰሌዳ ግን 31 ድረስ ስለሚቆጥር የእኛን ወር አያውቅም። የፈረንጁን ቀን የሚከተል ሰው በዓመት 5 ጊዜ ያርመዋል፤ እኛ በየወሩ 30 ካለቀ በኋላ፣ ከዚያም ጳጉሜን ስትወጣ፣ በድምሩ 13 ጊዜ። ማሽኑ ቀኑን ወደ መለወጥ በተቃረበበት ሰዓት በእጅ ማረም ደግሞ ጥርሱን ሊሰብር ይችላል። የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ ለሰዓት ሠሪ ሥራ ፈጥሯል።

ወደ ወዳጄ ክስ ልመለስ፤ ግማሹ እውነት ስላለው። የሰዓት ፍቅር የያዛቸው ወጣቶች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልጉት ማሽን አይደለም፤ የውዱ የስዊስ ሰዓት የሮሌክስ ምልክት፣ ዘውዱ፣ የታተመበት ፊት ነው። የሲኮ ማሽን በሮሌክስ ስም ሸፍነው ሲያስሩ «ለራሴ እኮ ነው» ይሉሃል። ከሁለት ወር በኋላ ገንዘብ ሲቸግራቸው ይሸጡታል፤ ሦስተኛው ገዢ ዘንድ ሲደርስ የሲኮው ነገር ጭራሽ ተረስቷል። እኔም የዚህ ዓይነት ነገር ደርሶብኛል። ገበያ ውስጥ አውቶማቲክ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰዓት አገኘሁ፤ ያለ ባትሪ፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ማለት ነው። ቆሟል። ሻጩ «ካላሰሩት አይሄድም፣ እጅ ላይ ሲውል ይነሣል» አለኝ፤ አመንኩት፤ ዋጋው ስላጓጓኝ ማመን ፈለግሁ። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው በነጭ ፕላስቲክ የታቀፈች ትንሽ የባትሪ ማሽን ናት። ባትሪዋ አልቋል። ሻጩ ያውቅ ነበር ወይስ እርሱንም ሌላ ሰው ሸውዶት ነበር? እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ዝምታ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አታላዩን ከተታለለው መለየት አይቻልም።

ይህን ድንበር ፍርድ ቤቶችም ፈልገውታል። የስዊዘርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥር 2024 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ ክስ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ የሰዓት ባለቤት የራሱን ሰዓት ለግል አገልግሎቱ ማስለወጥ መብቱ ነው፤ ተለውጦ በምልክቱ ለገበያ ሲቀርብ ግን ነገሩ ሌላ ነው አለ። በዚያው ወር አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሌላ አምራች ዕቃ ገብቶባቸው በሮሌክስ ስም የተሸጡ ሰዓቶች ገዢን ያደናግራሉ የሚለውን ፍርድ አጸና። እኛም ዘንድ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። ለአዳማ ገበያ ግን ከአዋጁ ይልቅ የጋሼ መርፌ የሚቀርብ ይመስለኛል። የለወጥከውን ክዳኑ ውስጥ ጫር፤ ስትሸጥ ክዳኑን ከፍተህ አሳይ። ወጪው አንድ መርፌ ነው። ገዢው ዋጋ ይቀንሳል ብሎ የሚፈራ ካለ፣ ልክ ነው፣ ይቀንሳል። የተቀነሰው ዋጋ ትክክለኛው ዋጋ ነበር።

እኔ ጀምሬያለሁ። የገለበጥኩትን ፊት መልሼ አቀናሁት፤ የተቆረጡት እግሮች ግን ስለማይበቅሉ አሁንም በማጣበቂያ ነው የተያዘው። ፊቱ የቀን ማሳያ መስኮት ስለሌለው የቀኑ ሰሌዳ ከሥሩ በጨለማ ይዞራል። ወዳጄን ላሳየው ብዬ ትናንት ክዳኑን ከፈትኩና «ማሽን አዲስ፣ ባለ 24 ድንጋይ፤ ቆጣሪ የሌላ፤ ፊት እግር የለውም» ብዬ ጫርኩ። መርፌው ስላዳለጠኝ የመጨረሻው ፊደል ተንሻፏል። ወደፊት የሚከፍተው ሰዓት ሠሪ ፊቱ ከወረንጦው ሥር ሲንሸራተትበት ማንን እንደሚራገም እንዲያውቅ ስሜንም ጨምሬበታለሁ።