ምች የወጣበት ሰው ልጄን አይስምብኝ

ስለ ችፌ (ኤግዚማ)፣ ቆዳን ስለሚያቀላውና ስለሚያሳክከው ሕመም፣ ያነበብኩት ጽሑፍ ጉንፋንን የመሰሉ የቫይረስ ሕመሞች ይቀሰቅሱታል ይላል። እውነት ነው፤ የኔም ልጅ ጉንፋን ሲይዛት የክርኗ መታጠፊያ ይቀላል፣ ስታክ ታድራለች። የተገላቢጦሹ ግን ሳይነሳ ቀረ፤ ችፌ ያለበት ቆዳ መከላከያው ስለሚሳሳ ለቫይረስ በሩ ክፍት ነው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አምና ክረምት ከንፈሯ ላይ ምች የወጣባት ዘመዳችን ልጄን አገላብጣ ሳመቻት። በሳምንቱ ጉንጯ ላይ፣ እዚያው ችፌው ባለበት፣ መሃላቸው ጎድጎድ ያለ ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ወጡ። ትኩሳትም ተከተለ። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ቀባቻት (ስሙን እንኳ አልሳተችም!)። እኔ ደግሞ ችፌው የባሰበት መስሎኝ የተለመደውን ቅባት ስቀባ ሁለት ቀን አባከንኩ።

ሐኪሙ ገና ሲያያት የምች ቫይረስ፣ ሄርፒስ፣ በችፌው በኩል ገብቶ መሰራጨቱን ነገረን። ዓይን ከነካ ማየትን ሊጎዳ ስለሚችል ቶሎ አሲክሎቪር የተባለውን ፀረ ቫይረስ መድኃኒት አስጀመራት። አሁን ደህና ናት፤ ዘመዳችን ግን «ስሜያት አሳመምኳት ወይ?» ብላ እስከ ዛሬ እንደተኮራረፍን ነው።