ለሚዋኙት ፍየሎች በጀት ይለቀቅ

ምሁሮቻችን ፕሮፖዛል መጻፍ አይችሉም የሚል ሰው ምላሱ ይተሳሰር። ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ "ቋንቋውን ብቻ አየት አድርግልኝ" ብሎ የምርምር ፕሮፖዛሉን ላከልኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋልና ጥድፊያ ላይ ነው። አየት አደረግኩለት። እስካሁን ከአግራሞቴ አልወጣሁም።

ጥናቱ ስለ ቆላ ፍየሎች ነው። ጉዳዩ "ከዚህ በፊት ማንም ያልነካው" ነው። ይህችማ የታወቀች ናት፤ ያለሷ ፕሮፖዛል ጨው የሌለው ወጥ ነው። ማንም እንዳልነካው ለማስረዳት 43 ጥናት ተጠቅሷል።

ገጽ 6 ላይ ፍየሎቹ መዋኘት ጀመሩ። ክረምት ሲገባ ከጣና ተነስተው በጉማራ ወንዝ ሽቅብ ይወጣሉ። ጠጠራማ ቦታ ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ላቤዎባርበስ የሚባለው የጣና ዓሣ ይህን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። የፍየሉን ገና መስማቴ ነው። ፍየሎቹ ማታ በተዘረጋ መረብ ጠዋት ይያዛሉ። ከአፋቸው ጫፍ እስከ ጅራታቸው መሰንጠቂያ ይለካሉ። ዕድሜያቸው ከቅርፊታቸው ይታወቃል። ክንፋቸው የተጎዳ ካለ ከናሙናው ይወጣል። ለካ ወዳጄ የድሮ የዓሣ ፕሮፖዛል አንስቶ፣ "ዓሣ" የሚለውን ሁሉ በአንድ ጠቅታ "ፍየል" አድርጎታል። ሌላው ሞኝ ለዚህ ወራት ይለፋል!

ደወልኩለት።

"ገምጋሚ ገጽ 6 ይደርሳል ብለህ ነው?" አለኝ።

"ጀልባውስ?"

"እሱን እንዳትነካው! ቤንዚን አለበት።"

በጀቱማ ቅኔ ነው። የ4 ተመራማሪ የ20 ቀን አበል፣ ሹፌር፣ ቶነር፣ ፍላሽ፣ ዎርክሾፕ ከነሻይ ቡናው። ለፍየሎቹ ክትባት አምስት ሳንቲም አልተያዘም።

እዚህ ላይ ሳቁ አነቀኝ። ያ አርብቶ አደር በየዓመቱ ቅጽ የያዘ ሰው ይመጣበታል። ስንት አለህ፣ ስንት ሞተብህ እየተባለ ግማሽ ቀኑን ይበላል። መልሱን ይዘው ይሄዳሉ። "ያገኘነው ይህ ነው" ብሎ የተመለሰለት የለም። ይህ ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ይቅርታ፣ ወደ ውዳሴዬ ልመለስ። ኮሚቴው ፕሮፖዛሉን በጥልቀት መርምሮ አንድ አስተያየት ሰጠ፦ "የሥርዓተ ጾታ ጉዳይ አልተካተተም።" ወዳጄ ወዲያው "ከናሙናው 50 በመቶው እንስት ፍየሎች ይሆናሉ" ብሎ ጨመረ።

ጸደቀ። የጀልባው ቤንዚን ብቻ በ10 በመቶ ተቀንሷል።